ከኮምቦልቻ እስከ ጅግጅጋ፦ ካርታው 400 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ቀኑን ግን ቦሌ ይበላዋል

ጥያቄው ከደሴ ነው፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ሴት ልጄ ጅግጅጋ ትኖራለች፣ በቅርቡ ትገላገላለች። ባለቤቴ አራስ ልትጠብቅ መሄድ አለባት። ዕድሜዋ ከ60 አልፏል፣ ጉልበቷን ያማታል፣ አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም። ታናሹ ልጄ በስልኩ ፈልጎ ከኮምቦልቻ ኤርፖርት እስከ ጅግጅጋ ኤርፖርት 401 ኪሎ ሜትር፣ የበረራ ጊዜ 1 ሰዓት ብሎ አሳየኝ። እውነት ነው? ጠዋት ወጥታ ለምሳ ትደርሳለች? ወይስ በመኪና ይሻላታል?»

ጋሼ፣ በቅድሚያ ልጅዎን በሰላም ያገላግልልዎ። ለቸኮለ ሰው መልሱ ይኸው። 401 ኪሎ ሜትሩ እውነት ነው። አንድ ሰዓቱን ግን ይርሱት። ከኮምቦልቻ ጅግጅጋ በቀጥታ የሚወስድ የመንገደኛ በረራ የለም። ባለቤትዎ ቦሌ ወርደው ሌላ አውሮፕላን መያዝ አለባቸው። ደሴ ከቤት ወጥተው ልጅዎ ቤት እስኪገቡ ሙሉ ቀን ያዙላቸው። ለምሳ አይደርሱም፣ ለእራት ይደርሳሉ። በመኪና ግን አይላኳቸው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ሥራዬ የበረራ ዕቅድ ማዘጋጀት ነው፤ አውሮፕላኑ በየት በኩል ይሂድ፣ ስንት ነዳጅ ይያዝ፣ የሚያርፍበት ቢዘጋበት ወዴት ይዙር የሚለውን። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከወሎ ሰው ብዙ ጊዜ ይመጣብኛል። ሁሌም ስልክ ላይ ከታየ አንድ ቁጥር ነው የሚጀምረው።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ላሳይዎ። ልጅዎ በስልኩ ካልኩሌተር ራሱ ሊሞክረው ይችላል። እያንዳንዱ ኤርፖርት ምድር ላይ አድራሻ አለው፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ። የኮምቦልቻው ሰሜን 11.08፣ ምሥራቅ 39.71 ዲግሪ ላይ ነው። የጅግጅጋው ገራድ ዊልዋል ኤርፖርት ሰሜን 9.33፣ ምሥራቅ 42.91 ዲግሪ ላይ ነው። ወደ ደቡብ ያለው ልዩነት 1.75 ዲግሪ ይሆናል። አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 194 ኪሎ ሜትር ይወጣዋል። ወደ ምሥራቅ ያለው ልዩነት ደግሞ 3.20 ዲግሪ ነው። የምሥራቅና ምዕራቡ ዲግሪ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል፤ በእኛ አካባቢ አንዱ 109 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 349 ኪሎ ሜትር። ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ በራሳቸው ያባዙ፣ ይደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን ያውጡ። 400 ገደማ ይመጣል። አንዷ ኪሎ ሜትር የተለየችው እኛ ቁጥሮቹን ስላጠጋጋን ነው። እስከዚህ ድረስ ስልኩ አልዋሸም።

የሰዓቱ ነገር ነው ጉድ ያለበት። እነዚህ የርቀት መቁጠሪያዎች የአየር መንገድ ፕሮግራም አያዩም። የሁለት ነጥብ ርቀት ይወስዳሉ፣ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ፍጥነት ያካፍላሉ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይደምራሉ። 401 ሲካፈል ለ800፣ ግማሽ ሰዓት። ግማሽ ሲደመርበት አንድ ሰዓት። በቃ፣ ይኼው ነው። መስመሩ ይኑር አይኑር ጉዳያቸው አይደለም። ከኮምቦልቻ ሰሜን ዋልታ ቢጠይቁትም ሳያቅማማ ሰዓቱን ይነግርዎታል።

ፍጥነቱም ቢሆን የጄት ፍጥነት ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚመላለሰው ዳሽ 8 ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር ነው፣ የካናዳ ሥሪት። በደንብ ሲሮጥ በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ደካማ እንዳይመስልዎት፣ ለአጭር መንገድ ከጄት የሚመረጥ አውሮፕላን ነው፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ እንደ ትልልቆቹ ረጅም ማኮብኮቢያ አይጠይቅም። ክንፉ ከመስኮቶቹ በላይ ስለሆነ የትም ወንበር ቢቀመጡ ምድሩ ይታያል። ለባለቤትዎ ይንገሯቸው፣ የቦርከናን ሜዳ ከላይ ማየት ደስ ይላል። ከፕሮፔለሩ ትይዩ ያለው ወንበር ግን ይጮሃል። ወደ ኋላ ያለውን ቢመርጡላቸው ይሻላል።

አሁን ወደ ትክክለኛው መንገድ እንምጣ። ከኮምቦልቻ ቦሌ በአየር 255 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቦሌ ጅግጅጋ 453። ድምሩ 708 ይሆናል። ቀጥታ ቢኬድ 401 የነበረው ማለት ነው። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ዙሪያ ጥምጥም። ምክንያቱ ካርታው ላይ ይታያል፤ ጅግጅጋ ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነች፣ ባለቤትዎ ግን መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳሉ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ምሥራቅ ይታጠፋሉ።

ሁሉም መስመር ግን እንዲህ አይጎዳም። ከኮምቦልቻ ጋምቤላ ቢሆን ኖሮ ቀጥታው 653፣ በቦሌ በኩል ደግሞ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦሌ መንገዱ ላይ ስለሆነች ብዙም አያዞርዎትም። በኪሎ ሜትር ጋምቤላ ከጅግጅጋ እጅግ ትርቃለች፣ በሰዓት ግን ሁለቱ እኩል ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» የሚለው ጥያቄ ለአውሮፕላን መንገደኛ ብዙ የማይረዳው ለዚህ ነው። የሚረዳው ጥያቄ «ቦሌ ላይ ስንት ሰዓት እጠብቃለሁ?» የሚለው ነው።

ቀጥታ በረራ ለምን አይጀመርም ብለው ሊጠይቁ ነው። ሂሳብ ነው። ለምሳሌ 20 ኤርፖርቶችን እርስ በርስ በቀጥታ ላገናኝ ብትል 190 መስመር ያስፈልግሃል። አንዱን ማዕከል አድርገህ ሌሎቹን ወደሱ ብትስብ 19 መስመር ይበቃል። ከ70 በላይ ወንበር ያለውን አውሮፕላን ከኮምቦልቻ ጅግጅጋ በሚሄድ ሰው ብቻ በየቀኑ መሙላት አይቻልም። ወደ ቦሌ ሲሄድ ግን የጅግጅጋው፣ የጅማው፣ የመርካቶ ነጋዴው፣ የዱባይ መንገደኛው አንድ ላይ ይሳፈራሉ። ዲሲ-3 በሚባለው የድሮ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ዘመን አውሮፕላኑ ከከተማ ከተማ እያረፈ እየተነሳ ይዞር ነበር። ዛሬ የአገር ውስጡ በረራ ሁሉ ማለት ይቻላል ከቦሌ ወጥቶ ቦሌ ይገባል።

ወሎ ውስጥ ራሱ የሚያስገርም ነገር አለ። ኮምቦልቻና ላሊበላ ሁለቱም ኤርፖርት አላቸው። በአየር መሐላቸው 127 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በመኪና በወልዲያና በጋሸና ዞሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአውሮፕላን ካሉ ደግሞ ያው ቦሌ ነው፤ ወደ ደቡብ ወርዶ እንደገና ወደ ሰሜን መውጣት። የላሊበላው ኤርፖርት ሹምሸሃ ላይ ስለሆነ ከተማው ለመግባት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። እንዲህ ላለው መንገድ መኪናው ይሻላል። ለጅግጅጋ ግን አይሆንም።

የባለቤትዎን ቀን አብረን እንቁጠረው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግን መንገዱ የሐረጎ ዳገት ነው። ጠመዝማዛውን ያውቁታል፤ አንድ ከባድ መኪና ከፊት ከገባ ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ጭጋግ ካለ ደግሞ ይብሳል። አንድ ሰዓት ይያዙለት። ኤርፖርት ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ይህ ሦስት ሰዓት ነው፣ ገና ከመሬት ሳይነሱ። ከዚያ የኮምቦልቻ–ቦሌ በረራ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ። ከቦሌ ጅግጅጋ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል። ጅግጅጋ ላይ ሻንጣ ጠብቆ ከተማ መግባት ሌላ አንድ ሰዓት። የቦሌው ጥበቃ ሦስት ሰዓት ቢሆን ድምሩ ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል። አምስት ሰዓት ቢሆን አሥራ አንድ። አየር ላይ የሚቆዩት ግን ከሁለት ሰዓት ብዙም አይዘልም።

ቲኬት ላይ የሚታየው የበረራ ጊዜም አየር ላይ ያለው ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት ተንቀሳቅሶ ሌላው ኤርፖርት ላይ ቆሞ ጎማው እስኪታገድ ድረስ ያለው ነው። ሃምሳ ደቂቃ ሲባል አምስቱ ማኮብኮቢያ ድረስ መንዳት፣ አሥራ ምናምኑ መውጣት፣ ጥቂት ቀጥ ብሎ መሄድ፣ ከዚያ መውረድ፣ ከዚያ ቦሌ ላይ ማቆሚያ ድረስ መንዳት ነው። በዚህ አጭር መንገድ አውሮፕላኑ ወጥቶ ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራል ቢባል ይሻላል።

ነፋስስ? ይህንን የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። በክረምት ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ነፋስ በአብዛኛው ከምሥራቅ ነው፤ ስለዚህ ወደ ጅግጅጋ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይመጣል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ቢሆን ከቦሌ ጅግጅጋ ባለው መንገድ ላይ ስንት ይጨምራል መሰለዎት? ሦስት ደቂቃ። ቦሌ ላይ ለማረፍ ተራ መጠበቅ ከዚያ ይበልጣል።

ሰዓቱን የሚያበላሸው ሌላ ነው። ኮምቦልቻ የሚደርሰው አውሮፕላን ኮምቦልቻ አያድርም። ከቦሌ ይመጣል፣ ሰው ያወርዳል፣ ሰው ይጭናል፣ ይመለሳል። ስለዚህ የኮምቦልቻው መነሻ ሰዓት የሚወሰነው ቦሌ ላይ ነው። ጠዋት ቦሌ ጉም ከዋጣት፣ ኮምቦልቻ ፀሐይ ፍንትው ብላ ወጥታ እያለ መንገደኛው ይቀመጣል። «ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ምን ሆነ?» ብሎ የሚቆጣ ሰው አያለሁ። ሰማዩ የእኛ አይደለም፣ የቦሌ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ኮምቦልቻ በተራራ የተከበበ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ደመናው ከደሴ በኩል ወርዶ ሸለቆው ላይ ሲተኛ አብራሪው ማኮብኮቢያውን ካላየ አያርፍም። የምናወጣው ዕቅድ ላይ ተለዋጭ ኤርፖርት ሁልጊዜ አለ፣ መመለሻ የሚሆን ነዳጅም ይጫናል። ከላይ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው አውሮፕላኑ ሳያርፍ ቢመለስ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ምክሬ፦ ከኮምቦልቻ ቀደም ብሎ የሚነሳውን በረራ ይያዙ። ቦሌ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ቢቻል ሦስት ሰዓት ክፍተት ይኑር። ቲኬት ቆራጩ «አንድ ሰዓት ይበቃቸዋል» ቢልዎት እሺ አይበሉ። ለእሱ ይበቃዋል፣ ወጣት ነው። ጉልበቱን ለሚያመው፣ ቦሌን አይቶ ለማያውቅ ሰው ግን አይበቃም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለቱን በረራ በአንድ ቲኬት ይቁረጡ። ይኼ የጠቅላላው መልሴ እምብርት ነው። አንዳንድ ሰው ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ለብቻ፣ ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ ለብቻ ይገዛል፤ ሁለት ቀን ላይ ስለገዛው ወይም ሁለት ሰው ስለገዛለት። ከዚያ የመጀመሪያው ዘገየ፣ ሁለተኛው አመለጠ። በሁለተኛው ቲኬት ዓይን እርስዎ በሰዓቱ ያልመጣ መንገደኛ ነዎት። በአንድ ቲኬት ከሆነ ግን የመጀመሪያው መዘግየት የአየር መንገዱ ችግር ነው፤ በሚቀጥለው በረራ ያስገባዎታል። ዋጋው ሊቀራረብ ይችላል፣ ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው።

ሻንጣውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ኮምቦልቻ ላይ ሻንጣ ሲያስረክቡ እጀታው ላይ የሚታሰረው ወረቀት ሦስት የላቲን ፊደል ይኖረዋል። የጅግጅጋ ኮድ ጄ-አይ-ጄ ነው። የአዲስ አበባ ኤ-ዲ-ዲ ነው። ትልቅ ሆኖ የተጻፈው ጄ-አይ-ጄ ከሆነ ሻንጣው ራሱ ጅግጅጋ ይደርሳል፣ ባለቤትዎ ቦሌ ላይ አይጎትቱትም። ኤ-ዲ-ዲ ከሆነ ቦሌ ላይ ወስደው እንደገና ማስረከብ አለባቸው። እዚያው ቆመው ያንብቡት፣ ካልገባዎት ሠራተኛዋን ይጠይቁ። በነገራችን ላይ የኮምቦልቻ ኮድ ዲ-ኤስ-ኢ ነው፣ ከደሴ የተወሰደ። ልጅዎ በስልክ ሲፈልግ «ኮምቦልቻ» ብሎ ካጣው «ደሴ» ብሎ ይሞክር።

የቲኬቱ ሰዓት ላይ በጣም ይጠንቀቁ። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቲኬቱ ላይ 09:00 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው እንጂ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አይደለም። 13:40 ካለ ከቀኑ 7፡40 ነው። ስድስት መቀነስ ነው። ይህንን የሚያውቅ ሰው ራሱ በጥድፊያ ይሳሳታል። ቀኑም እንደዚያው ነው። ወር 03 ካለ ማርች ነው፤ በእኛ የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ ይውላል፣ ኅዳር አይደለም። እኔ ብሆን በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን በትልቁ ጽፌ ቲኬቱ ጀርባ ላይ እለጥፍላቸው ነበር።

ስለ ጉልበታቸው። ቲኬት ሲቆርጡ «የተሽከርካሪ ወንበር እርዳታ ያስፈልጋል» ይበሉ። ኤርፖርት ደርሰው ከሚጠይቁ ቀድመው ቢያስመዘግቡ ይሻላል። አያፍሩበት፣ የድኩማን ብቻ አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ መራመድን ማስቀረቱ አይደለም እንዲያውም። ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ መንገዱን ያውቃል። ባለቤትዎን ከአንዱ አውሮፕላን ተቀብሎ ትክክለኛው መግቢያ ላይ ያደርሳቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። መታወቂያቸው ያላለፈበት መሆኑን ደግሞ ዛሬውኑ ይዩት። ቲኬቱ ላይ ያለው ስምና መታወቂያው ላይ ያለው ስም በፊደል መግጠም አለበት።

«አየሩ ያፍናቸው ይሆን?» ብለው ሰግተው ከሆነ አብሽሩ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር በግፊት የተስተካከለ ነው። ውጭው ምንም ያህል ከፍ ቢል ውስጡ ከ2,440 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይሆን ተደርጎ ነው የሚሠራው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ባለቤትዎ አውሮፕላን ውስጥ የሚተነፍሱት አየር ከቤታቸው ቢወፍር እንጂ አይሳሳም። ጆሯቸው ሊደፈን ይችላል፣ በተለይ ሲወርዱ። ማስቲካ ማኘክ ወይም ምራቅ መዋጥ ይበቃል።

አራስ ጥየቃ ስለሆነ ቅቤና ገንፎ ዱቄት መያዙ አይቀርም። ቅቤው የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ በእጅ አይያዙት፤ ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩባቸው ይችላሉ። ደሴ ላይ የታሸገ ዕቃ በግፊት ይፈነዳል ብለው አይስጉ፣ ምክንያቱን አሁን ነገርኩዎት። የሚያፈሰው ክዳኑ ነው። ቅቤው ደሴ ላይ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይነሳል፣ መንገድ ላይ ሙቀት ሲያገኘው ይቀልጣል፣ ሻንጣው በጎኑ ይተኛል። ክዳኑን በፕላስተር ይጠምጥሙ፣ ሁለት ፌስታል ውስጥ ያስገቡ፣ መሐል ላይ በልብስ ይክበቡት። የተፈቀደው ኪሎ ቲኬቱ ላይ ተጽፏል። ቤት መዝነው ይውጡ፤ የወሎ እናት ሻንጣ ስንት እንደሚመዝን አውቃለሁ።

መኪናውን ደግሞ ለምን እንደከለከልኩዎት ልናገር። በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ብርሃን ብሎ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ 630 ያህል። ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለት ቀን። ሌላም መንገድ አለ፤ በባቲ ወርዶ ሚሌ፣ ከሚሌ በአፋር ሜዳ አዋሽ፣ ከዚያ ጭሮ፣ ሐረር፣ ባቢሌ፣ ካራማራን አልፎ ጅግጅጋ። አዲስ አበባ መግባት አያስፈልገውም፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የጭነት ሾፌሮች ያውቁታል። ግን መኪና እየቀያየሩ፣ በሙቀት፣ ጉልበቷን ለሚያማት እናት? አይሆንም። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደግሞ በየጊዜው መጠየቅ ይፈልጋል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሀራ ገበያ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሰው ማመላለስ ቢጀምር ኖሮ እስከ አዋሽ በባቡር፣ ከአዋሽ ድሬዳዋ በባቡር እል ነበር። ሐዲድ ለምክር አይበቃም፣ ባቡር ይፈልጋል።

አንድ መካከለኛ አማራጭ አለ፣ ድሬዳዋ። በሚፈልጉት ቀን የጅግጅጋው በረራ ከሞላ ወይም ሰዓቱ ካልገጠመ፣ ከቦሌ ድሬዳዋ በርሮ ከዚያ በመኪና በሐረር በኩል ጅግጅጋ መግባት ይቻላል፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወጣት ቢሆን ይሞክረው እል ነበር። ለባለቤትዎ ግን የሚቀጥለውን ቀን መጠበቅ ይሻላል። ልጅዎ ወይም ባሏ ድሬዳዋ ድረስ መኪና ይዘው የሚመጡ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

የበረራ ፕሮግራም ደግሞ በወቅቱ ይለዋወጣል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በረራው ቆሞ እንደነበር እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ባለፈው ዓመት የነበረው ሰዓት ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። ከጎረቤት በሰሙት ሰዓት አይነሱ። ከመነሻው አንድ ቀን ቀደም ብለው ይደውሉ። ቲኬቱ ሲቆረጥ ደግሞ የባለቤትዎን ወይም የልጅዎን ትክክለኛ ስልክ ቁጥር ያስመዝግቡ። ሰዓት ሲቀየር መልእክቱ የሚመጣው በዚያ ስልክ ነው። ቲኬት ቆራጩ የራሱን ቁጥር ካስገባ መልእክቱ እሱ ጋ ይቀራል፣ ይህ ብዙ ጊዜ ይሆናል።

ሲመለሱ ነገሩ ይገለበጣል። ችግሩ የመጨረሻው በረራ ላይ ነው። ከጅግጅጋ ከሰዓት በኋላ ከተነሱ፣ ቦሌ ሲደርሱ የኮምቦልቻው በረራ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመልሱ ቲኬት ሲቆረጥ በዚያው ቀን ኮምቦልቻ እንደሚገባ ያረጋግጡ። ካልሆነ አዲስ አበባ የሚያሳድራቸው ዘመድ አስቀድሞ ይነገረው። አመሻሽ ላይ ሐረጎን መውጣቱንም እኔ አልወደውም፤ ኮምቦልቻ ዘግይተው ከደረሱ እዚያው አድረው ጠዋት ደሴ ቢገቡ ይሻላል።

የመመለሻውን ቀን ግን ከአሁኑ አይቁረጡ፤ ወይም ቀኑ የሚቀየር ቲኬት ይግዙ። ለመቀየር ስንት እንደሚያስከፍል ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፣ እንደ ቲኬቱ ዓይነት ይለያያል። ሐኪም የነገራት ቀን ሊያልፍ ይችላል፣ ሊቀድምም ይችላል። ከተወለደም በኋላ አያት በሁለት ሳምንት ትመለሳለች ብሎ ቲኬት መቁረጥ ብር መጣል ነው።